ለአስፋልቱ ስለ ተሰቀሉት ሁለት ፓኔሎች

ለክቡር የጣሪያ ሶላር ማስፋፊያ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎ ጤና፣ እንዲሁም የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ጤና፣ የተሟላ ይሆን ዘንድ አላህን እለምናለሁ። እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ ኻድራ በሳቢያን፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለው ቤታችን፣ ከስድስት ቀን በፊት የላኩልንን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በየማለዳው እያነበብን ደኅና ነን።

ደብዳቤዎ ሁለቱን የሶላር ፓኔሎች ከተተከሉበት ቦታ አንሥቼ «ከክትትል ሰውሬአለሁ» ሲል ይከሰኛል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ካልመለስኋቸውም ተነቅለው እንደሚወሰዱ ያስታውቀኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነገር ተሰወረ ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ስለዚህ አዲስ ዕውቀት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም ነገሩን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ የቤቴ የቆርቆሮ ጣሪያ ሁለት ተዳፋት አለው፤ የሰሜኑ ወደ አስፋልቱ፣ የደቡቡ ወደ ጓሮዬ ያዘነብላል። ባለፈው ሰኔ የባለሙያዎችዎ አለቃ አቶ ጦልሃ ፓኔሎቹን በሰሜኑ ተዳፋት ሊያስሩ ሲሰናዱ፣ በከተማችን ፀሐይ ከመስከረም እስከ መጋቢት ወደ ደቡብ እንደምታዘነብል፣ በእነዚህ ወራት የሰሜኑ ተዳፋት የሚያገኘው የጎን ብርሃን ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳሁ። እርሳቸውም «አቦ መምህር፣ በጓሮ በኩል ብናስረው ማን ያየዋል? ተቆጣጣሪው እንደሆነ ከመኪና አይወርድም፤ ካልታየ ደግሞ አይቆጠርም» ብለው መለሱልኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ እስከ ዛሬ የሰማሁት ብቸኛ እውነት ይህ ስለሆነ አቶ ጦልሃን ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ እስከዚያች ዕለት ድረስ ፓኔል የሚሰቀለው ፀሐይ እንድታየው ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ፤ ቆርቆሮ ጉብታና ቦይ እንዳለው፣ ዝናብም በቦዩ እንደሚወርድ፣ ብሎን የሚመታውም በጉብታው ላይ መሆኑን የማያውቅ ሰው ከባለሙያዎችዎ በቀር አላጋጠመኝም። ብሎኖቹ በሙሉ ከቦዩ መካከል፣ ያውም ውሃ የሚከለክል የጎማ ቀለበት ሳይገባላቸው ተመትተዋል። ሐምሌ ሲገባ መኝታ ቤታችን ስድስት ባልዲ አስተናገደ።

ሦስተኛ፤ «መደበኛ ጥገና» የተባለው በስምንት ወር አንድ ጊዜ፣ በጥቅምት፣ አዲስ መጥረጊያ ከያዙ ሁለት ሰዎችና ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር መጥቷል። መጥረጊያውን ይዘው ፎቶግራፍ ከተነሡ በኋላ በእኩለ ቀን፣ እጅ በማያስነካ መስታወት ላይ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ደፍተው አንደኛውን ፓኔል ከጥጉ ሰነጠቁት። ከዚያ ወዲህ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ገና ሳይሞቅ በማለዳ፣ በረጠበ የጥጥ ጨርቅ፣ በሰባ ስድስት ዓመቴ መሰላል ወጥቼ። መጥረጊያውን ግን ይዘውት ስለሄዱ አላማርርም።

አራተኛ፤ ይህ ከላይ ከተዘረዘሩት ጋር የማይቆጠር ነው። ኻድራ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ ትወጋለች። መድኃኒቱ በድሬ ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቆይም፤ መብራቱም ደስ ባለው ሰዓት ይሄዳል። ወደ ፕሮግራማችሁ ያመለከትነው ለዚያች ትንሽ ማቀዝቀዣ ስንል ብቻ ነው። በክረምቱ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለነበረች ማቀዝቀዣው ሠራ፤ ጽሕፈት ቤትዎም ምስጋናውን ተቀበለ። ኅዳር ሲገባ ፀሐይ ወደ ደቡብ ርቃ ሄደች፤ ባትሪው ሳይሞላ እየመሸ፣ ማቀዝቀዣው ሳይነጋ ይጠፋ ጀመር። ኢንሱሊን ሲበላሽ መልኩ አይለወጥም፤ በብልቃጡ ውስጥ ጥርት ብሎ፣ በመለያው ላይ ስሙ እንደተጻፈ፣ ሥራውን ብቻ ያቆማል። ይህን ጠባይ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ቀሰመው መናገር ከእኔ አይጠበቅም። ኻድራ የሞተ መድኃኒት ስትወጋ ሰንብታ በታኅሣሥ መጨረሻ ራሷን ሳተች፤ ከሆስፒታል የወጣችው በአምስተኛው ቀን ነው።

በዚያን ጊዜ ሦስት ማመልከቻ ጻፍሁ። ሦስቱም «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ በማግኘታቸው፣ ጎረቤቴ የብየዳ ሠራተኛው ሲያድ እና እኔ ፓኔሎቹን በአንድ ቀን ሥራ ወደ ደቡቡ ተዳፋት አሻገርናቸው። ብሎኑን በጉብታው ላይ መታን፤ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ደፈንን፤ ፓኔሉ በቆርቆሮው ግለት እንዳይደክም አየር የሚያልፍበት አንድ ስንዝር ክፍተት ተውን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ አያውቅም። የእርስዎ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰን ኻድራ ሰምታ ስትጨርስ «ታዲያ እኔም ወደ አስፋልቱ ዞሬ ልቀመጣ፤ ኋላ ከክትትል ተሰወረች እንዳልባል» አለችኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ፓኔሎቹን እንደማልመልስ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ሊነቅል የሚመጣ ሰው ቢኖር መሰላሉ ከግድግዳው ተደግፎ ይጠብቀዋል። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ጣሪያው ከመውጣቱ በፊት ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ በውስጡ ያሉትን አራት ብልቃጦች በገዛ እጁ ለኻድራ አውጥቶ ይስጣት፤ ከዚያም ዓይኗን እያየ ትእዛዙን ያንብብላት።

የመኪናዎ መስኮት ጥርት ብሎ የሚያሳይ፣ መንገድዎም ሁልጊዜ አስፋልት ይሆንልዎ ዘንድ በመመኘት፣ ከክቡርነትዎ እግር ሥር ሳይሆን ከቆርቆሮዬ ላይ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ፋራህ ዐብዲራዛቅ
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ፤ የካቲት

ተጨማሪ ቃል፤ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልልከው፣ የክትትል ሠራተኞችዎ እንዳይቸገሩ በማሰብ፣ ቀድሞ ካስተማርሁበት ትምህርት ቤት የተጣሉ ሁለት ጥቁር ሰሌዳዎችን በነጭ ቀለም ካሬ ካሬ አስምሬ በሰሜኑ ተዳፋት ላይ አሰርኋቸው። ትናንት መኪናዎ ሳይቆም አለፈ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ፓኔሎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው በሙሉ አቅማቸው ኃይል በማመንጨት ላይ መሆናቸው በአካል ተረጋግጧል፤ ማስጠንቀቂያው ተነሥቷል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰሌዳዎቹ በቀን ስንት እንደሚያመነጩ ከመዝገብዎ ገልብጠው ቢልኩልኝ ለትምህርት ቤቱ አሳይ ነበር፤ እነርሱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ብቻ ሲያባክኑባቸው ኖረዋል።