የ«ኦልራይት?» መልስ

ለንደን፣ ኅዳር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጅህ ሔርሜላ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ አልሄደችም።

ወንድሜ ሳህሌ፣ አሜሪካ ያላችሁት ሁሉ በጤና ሰነበታችሁ ወይ? እኔ ደኅና ነኝ።

ሔርሜላ ከእናንተ ዘንድ በመጣች ሰሞን ሰዉ ሁሉ «ኦልራይት?» ሲላት፣ «አክስቴ፣ የታመምኩ እመስላለሁ እንዴ?» እያለች ትስቅ ነበር።

«የእኛው ታዲያስ ነው፤ መልስ አይጠብቁም» አልኳት።

ትናንት ባለሱቁ እንደወትሮው «ኦልራይት?» ሲላት፣ ቆማ «አይደለሁም» አለችው። ሰውዬው የሳንቲሙን መልስ በእጁ እንደያዘ ቀረ። እኔ ቶሎ ብዬ ስለ ብርዱ አወራሁ።

ይህን የምጽፍልህ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሆኜ ነው። ዳቦ ገዝቼ ልምጣ ብላ ወጥታ ነበር። አሁን በመስኮት ሳያት ዳቦ ቤቱን አልፋ ሄደች። ካፖርቷ እዚህ ወንበር ላይ ነው።

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። ልብሱ ገና እየዞረ ነው፤ ትቼው ልከተላት ወጣሁ።

እህትህ እታለማሁ