ባለ አምስት ብሎኑ መኪና

ውድ ሙዓዊያ፣

«ውድ» ስልህ ፊትህን እንደምታጨማድድ አውቃለሁ። አጨማድድ፤ መብትህ ነው። ስለ ጤናህ አልጠይቅም። አራት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀ ሰው ዛሬ ተነስቶ «እንዴት ከረምክ» ቢል ያስቃል። ሦስቴ ደውዬልህ ነበር፣ አላነሳህም። ብታነሳውም ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋው ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ልጻፍልህ፤ ወረቀት ላይ መዋሸት ምናልባት ያሳፍረኝ ይሆናል።

ደሴ ላይ ሰው ስላንተ የሚያወራው እኔ የነገርኩትን ነው። ሙዓዊያ የጥበቡን መኪና ጎማ ፈትቶ ይዞ ሸሸ፤ በዚህ ምክንያት አባቴ ጋሽ ሞላልኝ በእግሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። ወሬው ይኸው ነው። እስከ ሰሞኑ ድረስ ውሸት መሆኑን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላው አፍህን ዘግተህ ኮምቦልቻ የተቀመጥከው አንተ። ዛሬ ነገሩን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ከመኪናው ልጀምር፣ ሁሉም የመጣው ከእሱ ነው። ነጭ ኮሮላ፤ እንደማንኛውም ሰው ኮሮላ። አምስት ዓመት ሙሉ ከሥራ የተረፈንን ጊዜ ኮምቦልቻ አንተ ጋራዥና ደሴ እኛ ግቢ ውስጥ ከሥሩ ተጋድመን ጨረስነው። ሌላው ሰው የተገኘውን አስመሳይ ዕቃ ለጥፎ መኪናዬን አሳመርኩ ይላል፤ አንተ ይሄን ትጸየፍ ነበር። «ያው ፋብሪካ ራሱ ለሌላ አገር የሠራው ካልሆነ እጄን አላነካውም» ትላለህ። የጃፓን ካታሎግ ስልክህ ላይ ከፍተህ፣ ፊደሉን ሳታውቅ ቁጥሩን ብቻ እያየህ ዕቃ ትለይ ነበር። ለጃፓኖች የተሠራውን የሚታጠፍ ስፖኪዮ ገጠምን፤ ለአውሮፓ የወጣውን ባለ ቆዳ መሪ ገጠምን፤ ለአረብ አገር ሙቀት ታስቦ የተሠራውን ትልቁን ራዲያተር እንኳ አላስቀረንም፣ የደሴ ብርድ ላይ። አባዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያየንና «ከዚህ ቤት ውጭ አገር አይቶ የመጣ መኪናው ብቻ ነው» ይለናል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ስለሆነ መኪና ላይ መቀለድ ያውቅበት ነበር።

ከዚያ ቸርኬዎቹ መጡ። የአጎትህ ልጅ ከዱባይ ኮንቴይነር ጥግ ላይ አስገብቶ የላካቸው አራቱ። ካርቶኑን ቀደን አራቱንም መሬት ላይ ደረደርናቸው። ችግሩ ባለ አምስት ብሎን ሆኑ፤ የእኔ መኪና ደግሞ፣ ሰፈራችን እንዳሉት መኪናዎች ሁሉ፣ ባለ አራት ነው። ሌላ መካኒክ ቢሆን መሃል ላይ ማስማሚያ ብረት ከትቶ ይለቀኝ ነበር። አንተ ግን «ያ ብረት አንድ ቀን ሰው ይገድላል» ብለህ እምቢ አልክ። ለውጭ ገበያ ከተሠራ ባለ አምስት ብሎን ኮሮላ የተፈታ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ ከነፍሬኑ አስመጣህልኝ። ስምንት ወር ጠበቅነው። አሮጌዎቹን ጎማዎች ለሰው ሰጠን፤ የተጠባባቂው ጎማ ቦታ ላይ ትልቅ የሙዚቃ ባፍል አስቀመጥን። ፒያሳ ሳቆመው ሰው ጎንበስ እያለ ብሎኑን ይቆጥርልኝ ነበር። ሙሽራ የሚያመጣ ሁሉ እኔን ይፈልጋል፤ እኔም ልቤ አብጦ ነበር፣ አልክድም።

አሁን ወደዚያ ጥቅምት ልምጣ። ጦርነቱ ደርሶ ከተማው ሊለቀቅ ነው የተባለ ዕለት ፒክአፕህን ይዘህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣህ። እማዬ ቤተክርስቲያን ናት፣ አባዬ ውስጥ ጋደም ብሏል፤ ግቢው ውስጥ እኔና አንተ ብቻ ነን።

«ጥበቡ፣ ጋሽ ሞላልኝንና እማዬን ጋቢና ላስገባቸው» አልከኝ። እናቴን «እማዬ» ብለህ ነው ያደግከው፤ በአንድ አጥር ነው ያደግነው። «አንተ በመኪናህ ተከተለኝ። ነገ መንገዱ አይቻልም።»

«ይሄን መኪና በዚያ ትርምስ ውስጥ? ታጣቂዎች ያስቀሩብኛል።»

«እንግዲያው ተወውና አብረን በፒክአፑ እንውረድ።»

«ትቼውስ? ግቢ ድረስ ገብተው ነድተውት ይሄዳሉ። ደግሞ አባዬን አታስደንግጥብኝ፣ ነገሩ ይበርዳል።»

ከዚያ ያን ብልሃት አመጣሁ። ጎማዎቹን ፈትተህ ውሰድልኝ አልኩህ፤ ጎማ የሌለው መኪና ማንም አይነዳውም። ያልኩት እኔ ነኝ። ክሪኩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ የተደረደረውን ድንጋይ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አንተማ የተፈታውን የጎማ ዳዶ በእጅህ ይዘህ «ድንገት ቢያስፈልግህስ?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

«ከጎረቤታችን ከወንድምአገኘሁ አራት ጎማ እበደራለሁ» አልኩህ።

አየህ ሙዓዊያ፣ በዚች ላይ ነው አንጀቴ እርር የሚለው። አምስት ብሎን፣ አምስት ብሎን እያልኩ አገሩን ያደነቆርኩ ሰው፣ የጎረቤት መኪና ሁሉ ባለ አራት ብሎን እንደሆነ ረሳሁት። እኔስ አንድ ጊዜ ድንጋጤም ስግብግብነትም አሳውሮኛል። አንተስ? ሞዞውን በእጅህ ያሰርክ ሰው አንተ ነህ። እንዴት «ጥበቡ፣ የወንድምአገኘሁ ጎማ አይገባልህም» አላልከኝም? ይሄን ጥያቄ አራት ዓመት ጥርሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ምናልባት አንተም ደንግጠህ ነበር። ምናልባት ስለጮህኩብህ ነው። ብቻ አልከኝ አላልከኝ ጥፋቱ ወዳንተ አይዞርም፤ አውቀዋለሁ፣ ግን ጥያቄው አልለቅ አለኝ። ጎማዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ጫንክ። «አማና ነው፣ አደራ ነው፤ ነፍሴ ካለች ይመለሳሉ» ብለህ ሄድክ።

በማግስቱ የስልክ ኔትወርክ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ቀረበና ሰው ሁሉ መውጣት ጀመረ። ወንድምአገኘሁ መኪናው ሞተሩ ወርዶ ስለነበር «ቢያንስ የአንተዋ ትሂድ» ብሎ አራቱንም ጎማ እያንከባለለ አመጣልኝ። እግዜር ይስጠው። አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ የአስም መድኃኒቱን ኪሱ ከትቶ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ጎማ አነሳሁና ሞዞው ላይ አስጠጋሁት። አራት ቀዳዳ፣ አምስት ብሎን። አዞርኩት። ገልብጬ አዞርኩት። መዶሻ አምጥቼ መታሁት፤ ምን እንደሚፈጥርልኝ እንጃ።

«አልገጠመም?» አለ አባዬ፣ ቀስ ብሎ።

«ይገጥማል አባዬ፣ ትንሽ ቆይ።»

ሠላሳ ዓመት ጎማ ሲቀይር የኖረ ሰው ነው የምዋሸው። ተነስቶ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና «ተወው ልጄ፣ በእግራችን እንሂድ» አለኝ። ምንም አልተቆጣኝም።

ያን መንገድ ታውቀዋለህ። ሰው፣ አህያ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለ። መኪና ሁሉ ሞልቶ ያልፋል፤ ለአንድ ሽማግሌ የሚሆን ቦታ ለመንኩ፣ የሚያቆምልኝ አጣሁ። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ሰው ጭኖ ሠላሳ ዓመት በወጣበትና በወረደበት መንገድ፣ አባዬ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ «ትንሽ ልረፍ» አለ። አልተነሳም። እማዬ ጭንቅላቱን ታፋዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «መኪናው ቤት ቆሞ እኛ በእግራችን። ጎማውን ማን ነው ያስፈታህ?» አለችኝ።

«ሙዓዊያ» አልኩ።

ሳላስበው ነው ብልህ ደስ ባለኝ። አስቤዋለሁ። እሷ ፊት ገዳይ ከምሆን ያንተ ስም ቀለለኝ። የማናውቃቸው ገበሬዎች ተሸክመውልን፣ ስሙን እንኳ ጠይቀው፣ ከመንገዱ ወጣ ያለች ቤተክርስቲያን ቀበርነው።

በታኅሣሥ ስንመለስ መኪናው እንደነበረ ድንጋዩ ላይ አለ። መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም። ብልሃቴ ሠርታለች፤ እንኳን ደስ ያለኝ። ቅሬው፣ ያው የሰፈሩ ዕድር፣ ለአባዬ ድንኳን ጣለልንና ለቅሶ ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን አንተ መጣህ። ደብረ ብርሃን ድረስ ይዘሃቸው ሄደህ፣ በየሰው ቤት ስትንከራተት አብረውህ አድረው፣ አራቱንም ቸርኬ አንድ ጭረት ሳይነካቸው አመጣህ። እንዲያውም ወልውለሃቸው ነበር። እማዬ ልብሷን አጥቁራ በሩ ላይ ቆመች።

«ባሌን በእግሩ ያስኬድከው አንተ ነህ። የእሱ ለቅሶ ላይ አትቀመጥም» አለችህ።

አንተ እኔን አየኸኝ። እኔ ቸርኬውን አየሁ። አንድ በአንድ አውርደህ አጥሩ ጥግ ደገፍካቸው፣ «አላህ ያጥናችሁ» አልክና ሄድክ። በእኛ አገር፣ በወሎ ምድር፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ጎረቤት ከበር ሲመለስ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አየሁ፣ ዝምም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል። ፒያሳ ላይ ሰላምታ የነፈጉህን፣ ከደሴ ወርደው ጋራዥህ ይመጡ የነበሩ ደንበኞች የቀሩብህን። የቅሬው ዳኞች ጠርተው ሲጠይቁህ ያልከውን ሰምቻለሁ። «ጥበቡ ያለው ነው» አልክ አሉ። ሌላ ቃል አልጨመርክም። ለምን? ማን ለምኖህ? እኔ ያን ዕለት ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሜን እስክታነሳ ስጠብቅ ነበር፤ ብታነሳው አርፍ ነበር። ለአባቴ ሐዘን ብለህ፣ ለእማዬ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ደግነትህ ከስድብ በላይ አቆሰለኝ። ከዚያ እናትህን ጣይባን ይዘህ፣ አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት አዘግተህ ኮምቦልቻ ወረድክ። ሲጭኑ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋችሁ። እኔ ደግሞ ቸርኬዎቹን መልሼ አሰርኩና ሙሽራ ሳመላልስበት አራት ዓመት ኖርኩ።

አሁን ለምን ጻፍክ ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት የአባዬን አራተኛ ሙት ዓመት አሰብን። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እማዬ እጇን እየታጠበች «ንስሐ አባቴን አነጋግሬያለሁ» አለችኝ። «ቂም ይዤ እንዴት እቆርባለሁ? ኮምቦልቻ እወርድና የጣይባን ልጅ ይቅር እለዋለሁ።»

ይሄን ነው ያልቻልኩት። ጥፋቴን ተሸክመህልኝ ኖርክ፤ አሁን ደግሞ ምንም ያልበደልካት እማዬ ቤትህ ድረስ መጥታ ይቅር ልትልህ ነው። አንተም አውቅሃለሁ፣ አንገትህን ደፍተህ ትቀበላት ነበር።

«እማዬ፣ ጎማውን ያስፈታሁት እኔ ነኝ። እሱ እናንተን ሊወስዳችሁ ነበር የመጣው» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ጋቢናውንም ሳይቀር።

ውሃውን ዘጋች። ፎጣውን አንስታ እጇን እስኪደርቅ ጠረገች። ትጮህብኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብታደርገው ምን ነበረበት። «ለቅሶ ሊደርሰኝ የመጣን ልጅ ከበር የመለስኩት እኔ ነኝ» አለች። «አንተ አጠገቤ ቆመህ ነበር።» ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ሳትናገረኝ ሦስት ቀን ሆናት። ዛሬ ጠዋት ብቻ መጥታ «የነገርከኝን ጻፈው። ጣይባም ፊቷ ተነብቦ ትስማው። የማደርሰው እኔ ነኝ» አለችኝ። በመኪና ላድርስሽ ስላት የሚኒባሱን ብር ከመቀነቷ ፈትታ ቆጠረች። በሚኒባስ ነው የምትወርደው።

እሑድ ቅሬው ይሰበሰባል። እነሱ ፊትም ቆሜ ይሄንኑ እላለሁ፤ አንተ መምጣት የለብህም። ሊያስወጡኝ ይችላሉ፤ ያስወጡኝ። የአባቴን መንገድ አላስመልስም፣ ያንተንም አራት ዓመት አልመልስም፤ ስምህን ግን እኔው እንዳቆሸሽኩት እኔው አጥበዋለሁ።

ይቅርታ በለኝ አልልህም፣ ያን ያህል ድፍረት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ይሄን ስታነብ እማዬ ደጅህ ላይ ቆማለች። ግቢ ካላልካት አትገባም፣ አውቃታለሁ። እኔ ብመጣ መልሰኝ። እሷን ግን አስገባት።

ጥበቡ ሞላልኝ
ደሴ