ሦስት ሽማግሌ ለሄይቲው ልጅ

ካልጋሪ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ

ወንድም ዓለም፣

«ይሄ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጥቁር አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ ነው።»

ይህን ያለው ሩቤን የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። በምሳ ሰዓት ከሚስቱ ጋር በስልክ፣ በስፓኒሽ ያወራል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የቀዘቀዘ ሽሮዬን እበላለሁ። ስፓኒሽ እንደምሰማ አያውቅም። ጥሩ ዜና ስለሆነ ዝም ብዬ ተቀበልኩት። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ በየፎርሙ «ጥቁር» በሚለው ላይ ምልክት ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ለካ መንግሥት ሳሳስት ነው የከረምኩት።

አየህ፣ ሰላም ሳልልህ ወሬ ጀመርኩ። እንዴት ከርመሃል? ያ ብርድ የማይወደው ጉልበትህ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆቹስ? እናትህን በስማቸው ልጠይቅ ብዬ እጄ ተያዘ። እንዳሉ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ከሌሉ ይቅር በለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ስኳሬ ከፍ ከፍ ይላል፤ ሌላ ከፍ ያለ ነገር የለኝም። የመቐለ ስልክ ከተከፈተ ወዲህ ቁጥርህን እያወጣሁ መልሼ አስቀምጣለሁ። ስልክ ላይ ዝም ሲባል ይሰማል፤ ወረቀት ላይ አይሰማም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። የምጽፍልህም የሌላ አገር ሰዎችን ጉዳይ ነው፤ አትስጋ።

ሩቤን ዶሚኒካዊ ነው። ኩባ ሳለን የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ካርታ ላይ ያሳየን ትዝ ይልሃል? ከኩባ በስተምሥራቅ ያለች አንዲት ደሴት፣ ሁለት አገር የተካፈሏት፤ በምዕራብ በኩል ሄይቲ፣ በምሥራቅ በኩል ዶሚኒካን ሪፐብሊክ። አንተ እጅህን አውጥተህ «መሐላቸው ግንብ አለ?» ብለህ ጠየቅህና ክፍሉ ሁሉ ሳቀብህ። አሁን ዶሚኒካኖቹ እየገነቡ ነው። ያን ጊዜ የሳቁብህን ሁሉ አድራሻቸውን ባገኝ እጽፍላቸው ነበር።

የምሠራው የሆቴል አንሶላና ፎጣ በሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ነው፤ ኤሪን ውድስ ካለው ቤቴ ሩቅ አይደለም። ሩቤን የማድረቂያ ማሽኖቹ ኃላፊ ነው። ሥራ አዋቂ፣ ለሰው አሳቢ፣ ሺፍት ለመቀየር እምቢ የማይል ሰው ነው። ከእኔ ይልቅ ይጠቁራል፤ ይህን የምልህ ለመረጃ ያህል ነው። በድሮው የአገሩ መታወቂያ ላይ መልኩ «ኢንዲዮ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ኮሎምበስ ሲመጣ ደሴቲቱ ላይ ከነበሩትና ካለቁት ሰዎች ወገን ነው እንደማለት። ጥቁር ማለት በእሱ ቋንቋ ሄይቲያዊ ማለት ነው። በዚህ ልስቅበት ፈልጌ ነበር። ከዚያ አክስቴ ከኦታዋ ልትጠይቀኝ መጥታ አውቶቡስ ላይ «እነዚህ ጥቁሮች ሲጮሁ አይደክማቸውም?» ያለችኝ ትዝ አለኝና ተውኩት።

የታጠበውን ፎጣ ለሆቴሎቹ የሚያደርሰው ሾፌር ደግሞ ዊልነር ይባላል፤ ሄይቲያዊ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። «ቶንቶን» ይለኛል፣ አጎቴ እንደማለት። ሩቤን ለሁላችንም እጁን እየሰጠ ሰላም ይላል፤ ለዊልነር ጋሪውን በእግሩ ገፋ ያደርግለትና ፊቱን ያዞራል። እኔ የሥራ ጠብ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ዊልነር ራሱ ነገረኝ፤ የሩቤንን ልጅ ይወዳታል። ያዲራ ትባላለች፤ ሰንሪጅ የሚባለው የገበያ አዳራሽ፣ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን ውስጥ ተገናኝተው፣ ቀለበት እስከማሰር ደርሰዋል። ሩቤን ግን ሄይቲያዊ የቤቱን ደፍ አይረግጥም ብሎ ምሏል። ልጅቱ ደግሞ አባቷን አስቀይማ አታገባም፤ እስከ ፋሲካ ካልመረቃት ቀለበቱን እመልሳለሁ ብላዋለች። ዊልነር ይህን ሲነግረኝ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክር ነበር፤ ሦስት ጊዜ ወደቀበት።

በሌላ በኩል የዊልነርም እናት ቀላል ሰው አይደለችም። ሞንትሪያል ትኖራለች። «መስታወት ከሚፈሩ ሰዎች ጋር አልዛመድም» ብላለች አሉ። ልጇን ግን እምቢ ማለት ስለማትችል፣ እምቢታውን ሩቤን እንዲጨርስላት ነው የምትጠብቀው።

ጥፋቱ የምላሴ ነው። አንድ ቀን ዊልነርን ላጫውት ብዬ በእኛ አገር ሽማግሌ እንደሚላክ፣ ሽማግሌዎቹ ቃል ሳይሰጣቸው እንደማይቀመጡ፣ ምግብም እንደማይቀምሱ አወራሁለት። ታሪክ ነበር የነገርኩት፤ እሱ እንደ መድኃኒት ማዘዣ ነው የሰማው።

«ቶንቶን፣ አንተ ሂድልኝ» አለኝ። «እናንተን እኮ ጥቁር አይላችሁም።»

ይህን የሚያህል ብቃት አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም።

እንግዲህ ሽማግሌ ቢያንስ ሦስት መሆን አለበት። ጋሼ ታደገን አሰብኩ፤ የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ጢማቸው ብቻ ግማሽ ጉዳይ ይጨርሳል። እንድርያስን አሰብኩ፤ የአክሱም ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ ትንሽ ይናገራል፣ ሲናገር ሰው ዝም ይላል። ለየብቻ ደወልኩላቸው። ሁለቱም መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሌላው ማን ነው?» ብለው ነው። ስነግራቸው ሁለቱም ለልጁ ሲሉ እሺ አሉኝ። እኔን ራሴን ታውቀኛለህ፤ ይኼኛው ወገን የዚያኛው ነህ፣ ያኛው ደግሞ የዚህኛው ነህ የሚለኝ ሰው ነኝ። አስተርጓሚ ለመሆን ከዚህ የበለጠ የትምህርት ማስረጃ የለም።

ከዚያ ሩቤን ዘንድ ሄድኩና እሑድ ቤትህ ልመጣ እፈልጋለሁ አልኩት፣ በስፓኒሽ። ፎጣ እንደያዘ ቀረ። ስፓኒሽ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማው አለኝ። ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ አልኩት። ኩባ መማሬን፣ አባቶቻችን በአንድ ጦር ሜዳ ስለወደቁ መንግሥት እኔንና አንተን ከብዙ ልጆች ጋር በመርከብ እንደላከን፣ ጠዋት እየተማርን ከሰዓት ብርቱካን እንለቅም እንደነበር ነገርኩት። እሱ ግን አይሰማኝም ነበር። ያሳለፍናቸውን የምሳ ሰዓቶች አንድ በአንድ እያስታወሰ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁት። እሑድ ና አለኝ፤ እምቢ ለማለት የሚያስችል አቋም ላይ አልነበረም።

ቤቱ ስካይቪው ራንች የሚባል ሰፈር ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ሦስታችንም በካልሲ ሳሎን መሐል ቆምን። የሽምግልና ግርማ ለካ ግማሹ ጫማ ላይ ነው። ሚስቱ አልታግራሲያ ጠረጴዛ ሞልታ ጠብቃናለች፤ ተቀቅሎ የተፈጨ ሙዝ፣ የተጠበሰ አይብ፣ ሳላሚ የሚሉት ቋሊማ። እኛ አንቀመጥም፣ አንበላም። ባህላችን ነው ብዬ አስረዳሁ። ጾምም ነው ብዬ ጨመርኩ፤ ሁለት ሰበብ ከአንድ ይሻላል ብዬ። አልታግራሲያ እንደ ስድብ ነው የቆጠረችው። ሩቤን ግን ደስ አለው፤ የሆነ ልጃችን ያዲራን የወደደ መስሎት ፈገግ እያለ «ማነው እድለኛው?» አለ።

ጋሼ ታደገ ጢማቸውን ያዝ አድርገው የልጁን ስም ተናገሩ። ለዚህ ትርጉም አላስፈለገም።

ሩቤን አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ምክንያቶቹን በእርጋታ ደረደረልን። ሄይቲዎች ድሮ ወርረው ሃያ ሁለት ዓመት ገዝተውናል፤ የነፃነት በዓላችንም ከእነሱ የወጣንበት ቀን ነው አለ። ከዚያ በፊት እስፓኞች ሦስት መቶ ዓመት የገዟቸው መስሎኝ ነበር፤ እነሱን ግን እንደ ዘመድ ነው የሚያነሳቸው። ቀጥሎ ድግምት አነሳ፤ ልጄ በጤናዋ አልወደደችውም አለ። እዚህ ላይ ጋሼ ታደገ ገቡ። እኛም አገር ሸክላ የሚሠሩትን፣ ብረት የሚቀጠቅጡትን ቡዳ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ እንል ነበር አሉ፤ በእነሱ ድስት ወጥ እየሠራን፣ በእነሱ ማረሻ እያረስን። አልታግራሲያ ሳቀች። ሩቤን አልሳቀም። የመጨረሻው ምክንያቱ የልጅ ልጄ ጥቁር ይሆናል የሚል ነበር። ፊቱን አየሁት። ሽማግሌ ስለሆንኩ ሳልስቅ ተረጎምኩት።

እኔ የማውቀውን አንድ ነገር ልንገረው ብዬ ነበር። የዊልነር አያት ልጅ ሳለ ድንበር ያለውን ወንዝ ተሻግሮ ያመለጠ ሰው ነው። ያን ጊዜ የዶሚኒካን ወታደሮች የአንዲት ቅጠል ስም በስፓኒሽ እያስጠሩ፣ አንደበቱ የተያዘውን ሄይቲያዊ ነው ብለው ይገድሉ ነበር። ልናገረው አልሆነልኝም። በስሙና በአነጋገሩ ሰው ሲለይ ምን እንደሚመስል ላንተ አላስረዳም። እኔ እዚህ ሆኜ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት፤ ድምፁን ቀንሼ።

ቆመናል። የጋሼ ታደገ እግር መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ወንበር አይፈልጉም። በመጨረሻ ሩቤን እጁን ዘረጋና ለእናንተ መናገር ቀላል ነው አለኝ። እናንተ አንድ ሕዝብ ናችሁ፤ ከጎረቤት ጋር ደም አልተቃባችሁም፤ ተቃቅፋችሁ መጥታችሁ እኔን ይቅር በል ትላላችሁ አለ። ይህን ለሁለቱ ተረጎምኩላቸው።

እንድርያስ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ ተናገረ።

«ንገረው። ወንድሜ ተምቤን ላይ ቀርቷል። የእሳቸውም የእህት ልጅ እዚያው ዘምቶ አልተመለሰም፤ የእነሱና የእኛ ጦር ፊት ለፊት ነበር። ይኸው አጠገባቸው ቆሜአለሁ በለው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ስፓኒሽ ለእንዲህ ያለ ነገር ጥሩ ቋንቋ ነው፤ ማሳጠርም ማስረዘምም አላስፈለገኝም። ጋሼ ታደገ ካልሲያቸውን ያያሉ። ያዲራ ለካ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ኖሯል፤ ስትተነፍስ ሰማኋት።

አልታግራሲያ ወደ ባሏ ዞረች። «ሩቤን» አለችው፣ «እነዚህን ሰዎች አስቀምጣቸው።»

ሩቤን ተነሳ። መጀመሪያ ለጋሼ ታደገ፣ ቀጥሎ ለእንድርያስ፣ በመጨረሻ ለእኔ ወንበር ሳበ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸውና ትከሻቸውን ይዞ መሐላቸው ቆመ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እናንተ እንዲህ አብራችሁ ከመጣችሁ እኔ ማን ሆኜ ነው እምቢ የምለው አለ። ቀጠለና፣ «ልጁ እሑድ ይምጣ። በፊት ለፊት በር ይግባ» አለ። ያዲራ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ስልክ ስትደውል ይሰማናል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደነበር አልለየሁም።

ዊልነር በተባለው እሑድ በር አንኳኳ፤ ሩቤን ራሱ ከፈተለት። ሠርጉ ለሰኔ ተቆርጧል። የሞንትሪያሏ እናት ልብስ እያሰፋች እያለቀሰች ነው ይባላል፤ ዶሚኒካኖቹ በአለባበስ እንዳይበልጧት ነው የሰጋችው። ሩቤን አሁን ለዊልነር ጋሪውን በሁለት እጁ ይገፋለታል። ትናንት ከሚስቱ ጋር ሲያወራ «ልጁ ሄይቲያዊ ቢሆንም ጥቁር አይደለም፤ የሰሜን ሄይቲ ሰው ነው» ሲል ሰማሁት። ላውንደሪያችን ውስጥ ጥቁር ሰው እያለቀ ነው።

እኛን ደግሞ ብሬክ ሩም፣ ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ፣ ለመጣ ሁሉ ያወራልናል። ፊሊፒኖዎቹም ፑንጃቢዎቹም ታሪካችንን በቃላቸው ያውቁታል። ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ ተዋግተው፣ ገና ደሙ ሳይደርቅ ለማያውቁት ሰው ልጅ አብረው ይቆማሉ ይላል፤ እኛ በሁለት መቶ ዓመት ያልቻልነውን እነሱ በጥቂት ዓመት ችለዋል ይላል። ለሠርጉ ለሦስታችን አንድ ጠረጴዛ መድቦልናል፣ ከሙሽሮቹ አጠገብ። አንዳንዴ ሲያወራ እየሰማሁ ያ ሦስተኛ ሰው እኔ መሆኔን እረሳና እቀናበታለሁ።

ሌላ ምን ልበልህ፣ ወንድም ዓለም። መልስ ጻፍልኝ አልልህም፤ ከቻልክ ግን የቤትህን ሰዎች ስም ብቻ በአንድ ወረቀት ዘርዝረህ ላክልኝ፤ ሁሉንም በየስማቸው ልጠራቸው። እናትህ ካሉ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። የተከፈተው መንገድ አይዘጋባችሁ፤ ማታ በራችሁን የሚያንኳኳ ሁሉ እንግዳ ይሁን፤ ልጆችህ አንተ ያየኸውን በመጽሐፍ ብቻ ይወቁት።

ብርቱካን አብረን የለቀምነው ወንድምህ

ይህን ረስቼው፦ ያን ቀን ስንወጣ ሩቤን እስከ መኪናችን ድረስ ሊሸኘን ጃኬቱን ለብሶ ነበር። በዚህ ብርድ አትውጣ ብለን ሦስታችንም በአንድ አፍ ለመንነውና ተመለሰ። እኛ ግን የመጣነው በየፊናችን ነው፤ መኪኖቻችንን ፓርክ ያደረግነውም ሦስት የተለያዩ መንገዶች ላይ ነበር።