አሥራ አንድ ዓመት ያረምኩት እንግሊዝኛዎ

ውድ ጋሼ፣

ጡረታ ከወጡ ስምንት ወር ሆነዎት፤ በደወልኩ ቁጥር ግን ስለ ጉልበትዎ አውርተን እንዘጋለን። ዛሬ ስለ ጉልበት የለም። የምናዘዘው ነገር አለኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ የምጠይቅዎ። ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

በጣውላ ፋብሪካው አሥራ አንድ ዓመት ጸሐፊዎ ነበርኩ። ለውጭ ደንበኞች የሚላከውን ደብዳቤ እርስዎ በእንግሊዝኛ በእጅዎ ይጽፋሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። እውነቱ ግን፣ እንዳለ የተየብኩት አንድም ደብዳቤ የለም።

አይቆጡ እንግዲህ። «ሥራ አስኪያጁ ናሙናውን አይቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ናሙናውን ወዶታል፤ ሥራ አስኪያጁ ናሙናውን ልኳል» ብለው ይጽፋሉ፣ ያውም በአንድ ትንፋሽ። እኔ ሰውየውንም ናሙናውንም አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅሼ ድግግሞሹን እሰርዝ ነበር። ተውላጠ ስም ላይማ ጉድ ነበሩ። የጥራት ተቆጣጣሪዋን በመጀመሪያው መስመር «ሺ»፣ በሦስተኛው «ሂ»፣ በአምስተኛው «ዜይ» ሲሏት፣ ምስኪኗ ሴት ሆና ገብታ ሕዝብ ሆና ትወጣለች። አንዴ ደግሞ ሠራተኞቹ የተሰነጠቁትን ጣውላዎች እንደለዩ ጻፉና «ከዚያም አቃጠልናቸው» ብለው ዘጉት። ደንበኛው ፖሊስ እንዳይጠራብን ብዬ፣ እዚያ ቦታ «ጣውላዎቹን» የሚለውን ራሴ ደገምኩት። መሰረዝ ብቻ አይደለም፣ መድገምም ቦታ አለው።

ያው ደንበኛ የአጻጻፍዎን ጥራት አድንቆ የላከው መልስ በስብሰባ ላይ ተነበበ። ሁሉም አጨበጨበልዎት። እኔም አጨበጨብኩ።

አሁን የእርስዎ ቦታ፣ የውጭ ሽያጭ ኃላፊነቱ፣ ለውድድር ወጥቷል፤ እኔም አመልክቻለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቴን ገረፍ ገረፍ አደረገና፣ «እህቴ፣ አንቺ እኮ ተየብሽ እንጂ አልጻፍሽም» አለኝ።

«ያቃናሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው የቀድሞ አለቃሽ ይመስክሩልሽ። እስከ ዓርብ።»

በማግስቱ ጠረጴዛዎን እንዳጸዳ ታዘዝኩ፤ ማን እንደሚቀመጥበት ገና ሳይታወቅ። የታችኛውን መሳቢያ ስከፍት ረቂቆችዎ በሙሉ እዚያ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ እኔ የተየብኩት ቅጂ ተያይዟል፤ የቀየርኩት ቃል ሁሉ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ዳር ላይ «ይህን ለምን ተወችው?»፣ «እውነቷን ነው፣ ግልጽ ነው» እያሉ ለራስዎ ጽፈዋል። ለካ ያውቁ ኖሯል።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አገላበጥኩ። የእርሳሱ መስመር በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻው ዓመት የማርመው ሲያንሰኝ ዓይኔ ደከመ ብዬ መነጽር አሠርቼ ነበር እኮ! ለካ እርስዎ ተምረው ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩብዎት። ያንን ሁሉ ዘመን አውቀው ዝም ማለት ምን ይባላል? ከዚያ እኔም ዝም ማለቴ ትዝ አለኝና ንዴቱ በረደልኝ። ደስታው ይበልጣል። ከማንም ጭብጨባ ይልቅ ያቺ የእርሳስ መስመር አኮራችኝ።

መሳቢያውን ይዤ ኮሚቴው ፊት መዘርገፍ እችል ነበር። አላደረግኩትም፤ ከእርስዎ አፍ ይምጣ ብዬ ነው። ስለዚህ ምስክርነቱን ይጻፉልኝ፣ በእንግሊዝኛ። እንደ ድሮው «አንቺ አዘጋጂው፣ እኔ እፈርማለሁ» አይሠራም። በእጅዎ ጽፈው፣ አሽገው፣ በቀጥታ ለኮሚቴው ይላኩት። ሥራውን እችለዋለሁ፣ ይገባኛልም፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ስሜን በየመስመሩ ቢደጋግሙትም ችግር የለም። በዚህኛው ላይ የሚሰርዝብዎ የለም።

አክባሪዎ፣
አስተማሪዎ