ሁለት ግራ እጅጌ

ውድ ወንድምዓለም፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ስልክ ብደውል ድምፄን ስትሰማ እንደምትዘጋው ስለማውቅ ነው የጻፍኩልህ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የሰፈራችን ፖስተኛ ነው። የፖስታውን አፍ በሙጫ ሳይሆን በክር ሰፍቼዋለሁ። ሰውየው ወሬ እንደሚወድ ታውቃለህ፤ ውስጡ ደግሞ ስለ ገዛ ኮቱ ማወቅ የሌለበት ነገር አለ። አንብበህ እስክትጨርስ ፊትህን ኮስተር አድርግ፤ ከሳቅክ ይጠረጥራል።

ከሁሉ በፊት ደስ ብሎኛል ልበልህ። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ያ ፉጨት የምንለው ቀልደኛ ፕሬዚዳንት ሆነ። ያልሰማህ ይመስል መልሼ እነግርሃለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ መናገሩ አልወጣልኝም። ስንት ዓመት በቴሌቪዥን ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ እያፏጨ ያሳቀን ሰው፣ ሦስት ሚስት የፈታው፣ በቀጥታ ስርጭት ጋዜጠኛ ላይ ውሃ የደፋው፣ ችሎት ውስጥ ዳኛ ፊት አፏጭቶ የተቀጣው ሰው አገር ሊመራ ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን እየነቀነቅኩ እስቃለሁ።

መንገዳችንን ብታየው ኖሮ! መጀመሪያ ከወደ ዳቦ ቤቱ አንድ ፉጨት ተሰማ። ከዚያ ከፎቁ ላይ፣ ከዚያ ከአውቶቡስ መስኮት፣ ከዚያ ከየት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሥጋ ሻጩ ፉጨት ካሸነፈ ጢሜን እላጫለሁ እያለ ሲምል አልነበር የከረመው? ፀጉር አስተካካዩ ጊዜ አላጠፋም፤ ወንበሩን ተሸክሞ አስፋልቱ ዳር አወጣለት። ሰው ሁሉ ከብቦ እያየ ያ ቀንድ የሚያህል ጢም ወረደ። ከስሩ የልጅ ፊት ወጣ። ሚስቱ መጀመሪያ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ጠጋ ብላ ጉንጩን ደባበሰችው። «አለህ ለካ» አለችው። ሰውየው ጢሙን ተቀምቶ እንደዚያ ሲፍለቀለቅ ላየው ያሸነፈ ይመስል ነበር።

ፋርማሲስቷ ደግሞ፣ ያቺ የፉጨትን የምርጫ ፖስተር ከመስኮቷ ላይ በምላጭ ስትፍቅ ያየናት፣ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ወጥታ ልታፏጭ ስትሞክር ትንፋሽ ብቻ ወጣት። ጣቷን እንዴት እንደምታደርግ አሳየኋት። በልቧ ድሮም ትደግፈው እንደነበር በጆሮዬ ነገረችኝ። ከትናንት ጀምሮ በሰፈራችን ፉጨትን ያልመረጠ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ባለታክሲው ብቻ አገር ጥዬ እሄዳለሁ ብሎ ሻንጣውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ ለስንብት ሲዞር ዋለ። ሻንጣው ዛሬም ጣሪያው ላይ ነው፤ ሰውየውም ዛሬ ጠዋት ተሳፋሪ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ።

ለእኔማ የተለየ ክብር ነው የተሰጠኝ። ፖስተሩን መጀመሪያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ አይደል? «አንቺ ብለሽ ነበር» ያላለኝ የለም። ዳቦ ሻጩ ከነዱቄቱ አቀፈኝ። አስፋልቱ መሃል ከፋርማሲስቷ ጋር ስጨፍር ሜትሩ አንገቴ ላይ፣ መርፌዎቼ ኮሌታዬ ላይ እንዳሉ ነበር፤ ማንንም አለመውጋቴ ይገርመኛል።

ጭፈራው በረድ ሲል ጡረተኛው መምህር ሱሪ ሊያሰፉ መጡ። ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም። «ልጄ፣ የአንቺን ደስታ አልነካብሽም» አሉኝ፣ «እኔ ግን ፈርቻለሁ፤ አንቺም ፍርሃቴን አትንኪብኝ።» ወንበር ሳቀርብላቸው የአንተ የስፌት መኪና የነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወገባቸውን ስለካ «ወንድምሽስ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ሁሉ ሰው አቅፌ አንድም ሰው አንተን አልጠየቀኝም ነበር። እሳቸው ብቻ ጠየቁኝ፤ የለካሁት ቁጥር ከአእምሮዬ ጠፍቶ እንደገና ለካሁ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው የሠራሁትን ጉድ ያየሁት። ይህቺን ክፍል ስታነብ ነው እንግዲህ መሳቅ የሌለብህ።

ፖስተኛችን ቅዳሜ ያገባል። ሙሉ ልብሱን እኔ ነኝ የምሰፋለት፣ ጨርቁም ያ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ታጥፎ ግራና ቀኙ አንድ ላይ እንደሚወጡ ለአንተ አልነግርህም። ስንካፈል ከደረሰኝ ግማሽ ጥቅል የተረፈኝ ግን ለመታጠፍ ስላልበቃ አንድ በአንድ መቁረጥ ነበረብኝ። አንዱን ቆረጥኩ። የእጅጌውን መለኪያ ወረቀት ለሁለተኛው ልገለብጠው ስል ቴሌቪዥኑ ፉጨት ማሸነፉን ተናገረ፣ እኔም መቀሱን ጥዬ ወጣሁ። ስመለስ እየሳቅኩ አሰመርኩ፣ እየሳቅኩ ቆረጥኩ። ወረቀቱን ሳልገለብጥ።

ጠቅሜ የእንጨቱን ሰውዬ ባለብሰው ቀኝ እጁ ወደ ኋላ ዞሮ ቆመ፤ ከበስተጀርባው የመጣን ሰው የሚጨብጥ ይመስላል። ሁለት ግራ እጅጌ! ስንት ዓመት የሰፋሁ ሴትዮ! ጨርቁ ፊትና ጀርባው አንድ ስላልሆነ ገልብጬ ልጠቀምበት አልችልም። ዛሬ ጠዋት ጨርቅ ቤቶቹን ሁሉ ዞርኩ፤ ያ ቀለም ከገበያ ጠፍቷል። ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ አንተ ጋ። የሄድክ ዕለት እኩል በእኩል ለክተህ ቆርጠህ የወሰድከው ግማሽ።

የአባባ ሕግ ቢከበር ይህ ባልሆነ ነበር። ያሰመረ አይቆርጥም፤ አንዱ በጠመኔ ያሰምራል፣ ሌላው አይቶ ይቆርጣል። እኔ ያሰመርኩትን አንተ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ካልዞርክ መቀስ አታነሳም ነበር። ስንት ጊዜ በዚህ ተነጫነጭኩብህ። አንተ ከወጣህ ወዲህ የማሰምረውም የምቆርጠውም እኔው ነኝ፤ እጄ ይፈጥናል፣ የሚያቆመውም የለም።

ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላወራንም። እኔ ላውራ። ፖስተሩን ሳልጠይቅህ ደንበኛ በሚለካበት መስታወት ላይ ለጠፍኩት። አንተ አነሳኸው፣ እኔ መልሼ ለጠፍኩት። ሱሪው በስፒል የተያዘ ደንበኛ መሃላችን ቆሞ አንዴ አንተን አንዴ እኔን ያያል። «ያሳቀኝን ሰው ሁሉ ልሾመው እንዴ?» አልከኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልስ ስላጣሁለት ነው የማይባለውን ያልኩህ፤ አባባ መቀሱን ለእኔ ሊያወርስ ፈልጎ ለአንተ አዝኖልህ እንደተወልህ። ጥቅሉን ለካህ፣ ቆረጥክ፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ፣ መኪናህን ጋሪ ላይ ጭነህ ሄድክ።

ውሸት ነው፣ ወንድሜ። አባባ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አልተናገረም። ስለ መቀሱ የተናገረውን የመጨረሻ ነገር ሁለታችንም አልጋው አጠገብ ሆነን ሰምተነዋል፤ «ወረቀት እንዳትቆርጡበት» ነው ያለው። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? የፖስተሩን ጠርዝ በእሱ መቀስ ከረከምኩት። አንተ ከበሩ ስትገባ ነበር፣ አይተኸኛል። ሰሞኑን ሳስበው፣ ያን ቀን ያናደደህ ፉጨት ነበር ወይስ የመቀሱ ነገር? ለአምስት ወር ስለ ፖለቲካ የተጣላን ሲመስለኝ ኖሬ ነበር።

ሌላም አለ። ይህንን ማንም አያውቅም፣ አንተም ከጨረስክ በኋላ ቅደደው።

እሑድ ዕለት ድምፅ ልሰጥ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር። ተራዬ ሲቃረብ አንተን አየሁህ፣ ከፊቴ አሥር ሰው ያህል ቀድመህ ቆመሃል። ግራጫውን ኮትህን ለብሰሃል፣ ሁለተኛው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ልብስ ሰፊ ሆነህ! እንደ ወትሮዬ ክር የተሰካበት መርፌ ኮሌታዬ ላይ ነበረ። አሥር ሰው ማለፍና ቁልፍህን መስፋት ነበር የሚጠበቅብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ዞር ብለህ ብታየኝና ፊትህን ብታዞር ምን እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሰልፉን ጥዬ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አምስት ወር የተኳረፍንበትን ሰው እኔ አልመረጥኩትም። ሰፈሩ ሁሉ ነቢይት ያደረገኝ ሴትዮ ጣት ላይ የምርጫ ቀለም የለም። ንጹህ ጣቴ እንዳይታይ ስሰፋ የማጠልቃትን የብረት ቆብ ከእሑድ ጀምሮ አላወለቅኳትም፤ ስጨፍርም አብራኝ ነበረች። ፋርማሲስቷ ጣቴ የቆሰለ መስሏት ቅባት ሰጠችኝ። አሁን ሳቅ፣ ፈቅጄልሃለሁ። ፖስተኛው ከጠየቀህ ስለ ፋርማሲስቷ ነው በለው።

ደስታዬ ግን የውሸት አይደለም፤ ይህን እመነኝ። ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲስቅ ደስ አለኝ። ሰውየው አገር መምራት ይችል እንደሆነ አላውቅም፤ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ያፏጩለትም የሚያውቁ አይመስለኝም። ምናልባት ያበላሸው ይሆናል። ያን ቀን «ብዬሽ ነበር» ማለት መብትህ ነው። ግን ከዚያ ኪስ ብቻ ከምትሰፋበት ፋብሪካ ሆነህ በልብህ እንዳትለኝ። ከራስህ መኪና ላይ ሆነህ፣ ክሩን በጥርስህ ይዘህ፣ ፊት ለፊቴ በለኝ። ቢሳካለትም እኔ «ብዬህ ነበር» ልልህ የምፈልገው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ትናንት ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ስጨፍር የጎደለኝ የሚቃወመኝ ሰው ነበር፤ የሚቃወመኝ ደግሞ እንደ አንተ ያለ የለም።

እንግዲህ ልመናዬን ስማ። ሙሽራው ቅዳሜ ጠዋት ኮት ያስፈልገዋል፤ አንድ እጅጌ ይበቃዋል፣ ቀኙ ብቻ። ጨርቁን ግን ለፖስተኛው እንዳትሰጠው። ጨርቁን ብቻ ብትልክልኝ ሙሽራው ይድናል፣ እኔ አልድንም። ይዘኸው ና።

መቀሱን ዛሬ አስሞርጄዋለሁ፣ ወረቀት የቆረጥኩበት ስለት ተስተካክሏል። ፖስተሩን ከመስታወቱ ላይ አንስቻለሁ፤ ስላሸነፈ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። የመኪናህ ቦታ ተጠርጓል፣ መምህሩ የተቀመጡበትን ወንበር ከዚያ አንስቼዋለሁ። የእጅጌውንም ወረቀት በትክክል ገልብጬ ጠመኔውን አጠገቡ አስቀምጫለሁ። ግራጫውን ኮት ለብሰህ ና፤ ያ ቁልፍ እስካሁን ካልወደቀ እሰፋልሃለሁ።

ፖስተኛው ከትናንት ጀምሮ ማፏጨት ተምሯልና በርህ ላይ ሳያፏጭ አይቀርም። አትቆጣው፣ ሙሽራ ነው። ደግሞም ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ሰው ነው፣ እዘንለት።

ና ብቻ። እኔ አሰምራለሁ፣ አንተ ሁለት ጊዜ ዙር፣ ከዚያ ቁረጥ። እጅጌው ከገባ በኋላ ስለ ሰውየው እንደ ልባችን እንጣላለን።

ያሰመርኩትን ከእንግዲህ ራሴ የማልቆርጥ፣

እህትህ መርፌ