በስምህ የለጠፍኩት ወረቀት

ምንዬ፣ የልቤ ሰው፤

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ዘመዶችህ ከገጠር መጥተው በአገውኛ አለቀሱልህ፤ እኔም ቃሉን ሳላውቀው አብሬ አለቀስኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ግን ላለቅስ አይደለም። አጥፍቻለሁ። ጥፋቴን ከሌላ ሰው ሳትሰማ ከእኔው እንድትሰማ ብዬ ነው። ለሞተ ሰው ማን ይነግረዋል እንዳትል፤ ዳንግላን ታውቃታለህ።

ቤታችን ደኅና ነው። ሱቁም እንደነበረ አለ። ትልቁ የፎቶ ኮፒ ማሽን አሁንም ወረቀት ያኝካል፤ አንተ ጎኑን መታ ስታደርገው ይተፋ ነበር፣ እኔን ግን ንቆኛል። ባጃጁ በዝቶ ጋሪዎቹ ወደ ገበያው ጀርባ ሸሽተዋል። ኔትወርኩ ያው ነው፣ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል።

ያስቸገረኝ በሩ ላይ የሰቀልከው ሰሌዳ ነው። በየገበያው ቀን ከኮምፒውተሩ ዓለም የሰማኸውን አንድ ገጽ አትመህ ትለጥፍበት ነበር፤ ስለ አዲስ ስልክ፣ ሩቅ ኮከብ ስለሚያይ መሣሪያ፣ አዲስ ስለወጣ ሕግ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ሥራህን ጥለህ ትወጣና በአገውኛ ታስረዳዋለህ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ሥራ ፈት እልሃለሁ። የሰውን የግል መረጃ የሚጠብቀው አዋጅ የወጣ ጊዜ ትዝ ይልሃል? የተበላሹትን የመታወቂያ ኮፒዎች ለጎረቤት ሱቅ ለስኳር መጠቅለያ እንሰጥ ነበር። አዋጁን አንብበህ እንደጨረስክ ሄደህ ወረቀቱን በሙሉ ለቅመህ ተመለስክ፤ ባለሱቁ አስቀድሞ የጠቀለለውን ስኳር ሳይቀር አስገልብጠኸው። የሰው መልክ ስኳር አይጠቀለልበትም አልክ። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተቆጣሁ፣ ማታ ግን አብሬህ ቁጭ ብዬ ስቀድ አመሸሁ።

ከሄድክ በኋላ ሰሌዳው ባዶውን ቀረ። ሰው ከልምድ የተነሣ መጥቶ ይቆምና ባዶውን አይቶ ይሄዳል። ይህን ማየት አቃተኝ ምንዬ። እንግሊዝኛውን እንዳንተ አላነብ። ስለዚህ ስልኬ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠየቅ ጀመርኩ። በአማርኛ ጠይቄው በአማርኛ ይመልስልኛል፣ ምላሱ ማር ነው። ሰው እንደገና በራችን ላይ ተሰበሰበ፤ እኔም ኮራሁ። አንተ አንድ ወሬ ለመለጠፍ ሦስት ቦታ ታነብ፣ ሕግ ከሆነም ለሚያውቅ ሰው ትደውል ነበር። እኔ ለማንም አልደወልኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው።

በክረምቱ መካከል ይኸው መሣሪያ አዲስ ሕግ ወጥቷል አለኝ፤ ደረሰኝ የሌለው አሮጌ ኮምፒውተር የተገኘበት ሰው ዕቃው ይወረስበታል የሚል። የአንቀጹን ቁጥር ሳይቀር ጻፈልኝ። ቁጥር ያለው ነገር ውሸት ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም። አንተ ባዘጋጀኸው ገጽ ላይ አስገብቼ አትሜ ለጠፍኩት። ገጹ ከግርጌው «አዘጋጅ፦ ምንይችል» ይላል። ያን ሁሉ ወር አላጠፋሁትም። ረስቼው አይደለም፤ ስምህ በየሳምንቱ ከማሽኑ ሞቆ ሲወጣ ማየት እወድ ነበር።

ፊት ለፊታችን ያሉት ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኢብራሂም ወረቀቱን አነበቡት። የሱቃቸውን ኮምፒውተር የገዙት አሮጌውን፣ ያለ ደረሰኝ ነው። በዚያው ቀን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በዝናብ ጋሪ ላይ ጭነው፣ ከከተማው ዳር እኅታቸው ቤት ወስደው ጎተራ ውስጥ ደበቁት። ሁለት ሳምንት እዚያ ተቀመጠ። ፍርድ ቤት የሚሠራ ዘመዳቸው እንዲህ ያለ ሕግ የለም ብሎ ሲነግራቸው ሊያወጡት ሄዱ። እርጥበቱ ገብቶበታል፣ አይጥ ሽቦውን በልቶታል፣ አልነሣም አለ። የልጃቸው የዘሃራ የሰርግ ፎቶ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሱቁ ገብተው ቁጭ አሉና፣ «ባንቻየሁ፣ የምንይችልን ስም አየሁና ሳልጠይቅ ተነሣሁ፤ እሱ ያላጣራውን አይለጥፍም» አሉኝ። አንተን የቀበሩህ ሰው እኮ ናቸው፣ መሞትህን ያውቃሉ። ስምህ ካለበት ግን እንዳንተ ተጣርቷል ብለው አመኑ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ያን ከመቃብር በላይ የዋለ ስምህን ለውሸት ምስክር አቆምኩት። አፈርኩ። መሣሪያውን መልሼ ብጠይቀው ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ ብሎ እጥፍ አለ። እሱ ምን ቸገረው፤ ሐጂን በየቀኑ በር ላይ አያገኛቸው።

በማግስቱ የኮምፒውተሩን ዲስክ አስፈትቼ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በሚኒባስ ቆሰበር ከተማ ወዳለው የጥገና ባለሙያ ጓደኛህ ወሰድኩት። አራት ቀን ደከመበት። ከፎቶዎቹ አብዛኞቹ ወጡ። ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር የተነሣችው ግን አልተገኘም፤ የዘሃራ እናት ከሰርጉ ወዲህ አርፋለች። ይህን ስነግራቸው ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው አልሐምዱሊላህ አሉ። ይህን የምተካበት ምንም የለኝም ምንዬ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንተ ስትሳሳት «ማረሚያ» ብለህ በትልቁ ጽፈህ፣ ስሕተቱ የተለጠፈውን ያህል ቀን ትሰቅለው ነበር። እኔም ለሐጂ በነገርኳቸው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቁን ገርበብ አድርጌ ማረሚያ ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ ግርጌው ላይ ደረስኩና እጄ ቆመ። ስምህን ብተወው ስሕተቱ ያንተ ይሆናል። ባጠፋው ደግሞ ሰሌዳው ያንተ መሆኑ ሊቀር ነው፣ እኔም ሁለተኛ ልቀብርህ ነው። በአንድ ጊዜ መርጦ ማጥፋት ይቻል ነበር፤ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። አልሆነልኝም። ከኋላ ጀምሬ ፊደል በፊደል አጠፋሁት። አምስት ፊደል ናት። በየፊደሉ መካከል ግን ስንት ጊዜ ተነሥቼ በር በሩን እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

በቦታው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ያለፈውን ወረቀት ያዘጋጀሁትም ያላጣራሁትም እኔ ነኝ። ባለቤቴ አላየውም። ባንቻየሁ።» ወጥቼ ለጠፍኩት። መጀመሪያ የመጡት ሐጂ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ግርጌው አነበቡ። ከዚያ የፍርድ ቤቱን ዘመዳቸውን ስልክ ቁጥር አጻፉኝና፣ ሕግ ነክ ነገር ሲገጥምሽ ደውዪለት አሉኝ።

ትናንት ገበያ ነበር። አንድ ትልቅ የሕግ ወሬ አግኝቼ ነበር፤ የሐጂ ዘመድ ግን ስልኩን አላነሣልኝም። ስለዚህ ምንም አልለጠፍኩም። ሰዎች ተሰብስበው ምነው ዛሬስ ሲሉኝ፣ «ገና ነው፣ አላጣራሁትም» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ የተናገርክ መሰለኝ፤ እንባዬ መጣ። ስምህ ከወረቀቱ ወጥቷል ምንዬ። እኔ ግን እስካለሁ ድረስ፣ ያላወቅሁትን አላውቅም ባልኩ ቁጥር አስታውስሃለሁ።

ያንተው ባንቻየሁ