ድንጋይ ሲረጥብ

ለልጄ ሚስት፣

በድለሽኛል። ለቅሶ ልደርስ አንጋጫ በሄድኩበት፣ ፈቃዴን ሳትጠይቂ፣ የመታጠቢያ ቤቴን ነጭ ዕብነ በረድ አስፈንቅለሽ በር ላይ ከመርሽው። በመጀመሪያ ይህ ይጻፍ። ሰላምታው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረምሽ አልልሽም፤ የከረምሽው ከግድግዳው ወዲያ ነው። ከትናንት ጀምሮ ስታስዪ እሰማለሁ፤ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪበት። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ስለ ጉልበቴ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቅም መልሱ ይኸው ነው።

በአንድ ጣራ ሥር እየኖርን ለምን እንደምጽፍልሽ ታውቂያለሽ። አማትና ምራት ስለ ገላ መታጠቢያ አይነጋገሩም። እናቴ የአማቷን ስም ቀርቶ፣ በስሙ መነሻ የሚጀምር ቃል እንኳ ሳትጠራ ኖራ ሞተች፤ የዕለት ዕቃዋን ለመጥራት ሌላ ቃል ትፈልግ ነበር። ዛሬ ጊዜው ላልቷል። እኔ ግን አልላላሁም። ስለዚህ ከአፌ የማይወጣውን እጄ ይጻፈው። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም፤ ፎንቆ ወፍጮ ቤት ሳለሁ ገበያተኛው ጆንያው ላይ ስሙን እያስጻፈ ያመጣ ነበር፤ የትኛው እህል የማን እንደሆነ ሳይ ሳይ ነው ፊደል የለየሁት። ጽሑፌ የጆንያ ጽሑፍ ቢመስልሽ ታገሺ።

ያ ዕብነ በረድ ምን እንደነበር ላስረዳሽ። ወፍጮውን ሸጬ ሆሳዕና ላይ ይህን ቤት ስሠራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መታጠቢያ ቤቱን ሲሚንቶ ያስለስን ነበር። ዕድሜዬን ዱቄት ለብሼ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ የሚያበራ ነገር ፈለግሁ። ሠራተኛው «አባቴ፣ ይህ ለግድግዳ ነው እንጂ ለወለል አይሆንም፤ ያዳልጣል» ቢለኝ፣ ሰው በገዛ ቤቱ መራመድ ካቃተው የት ሊራመድ ነው ብዬ አባረርኩት። ወደ ጌታ የሄደችው ባለቤቴ ወለሉ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፋ ነበር የምትታጠበው። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እሷም አልነገረችኝም።

አሁን አንጋጫ ከመሄዴ በፊት የነበረውን ያን ማለዳ እነካዋለሁ፤ አንዴ ብቻ። የመታጠቢያ ቤቱን በር የከፈትሽው ጠርቼሽ አይደለም። አልጠራሁሽም። የመውደቅ ድምፅ ሰምተሽ ነው። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ጋቢ ወረወርሽልኝ፤ ከዚያም ዓይንሽን ጨፍነሽ በዳበሳ መጣሽ። የቀረውን አልጽፍም። ቁርስ ስታቀርቢ ዓይንሽ ሳህኑ ላይ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው። ጋቢው በማግስቱ ታጥቦና ታጥፎ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

ከድንጋዩ የሚብሰው በደልሽ ይኸውልሽ፦ ለማንም አልተናገርሽም። ተናግረሽ ቢሆን ኖሮ ውሸታም ብዬሽ በተገላገልኩ። ሰውም እኔን ያምን ነበር። አንቺ ግን ሰዉ ሁሉ ድንጋዩን ለምን እንዳስነሳሽ ሲጠይቅሽ «እኔን አዳለጠኝ» አልሽ። ለጎረቤትም «እኔን»፣ ለባልሽም በስልክ «እኔን»። አፍሽን ዘግተሽ ባለዕዳ አደረግሽኝ። በዚህ ዕድሜዬ የማንም ባለዕዳ አልነበርኩም።

እህቴ አስናቀች ግቢው መሐል ቆማ ያለችውን ሰምተሻል፤ እንድትሰሚ ነው ያለችው። «ዕብነ በረድ አስጠላት! ሙዱላ አባቷ ቤት ምን ተነጥፎ ነበር? የደቡብ አፍሪካ ብር እኮ ለካ ድንጋይም ያስፈነቅላል!» እኔ በረንዳው ላይ መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ ተቀምጬ ነበር። እስክትጨርስ ድረስ አንድ ገጽ አልገለበጥኩም።  አንቺ የተሰጣውን ልብስ ሰብስበሽ ገባሽ።

ባልሽ ከደቡብ አፍሪካ በደወለ ጊዜ ደግሞ ስልኩን ያቀበለችኝ እሷው ናት። «አባባ፣ እውነት ሳያውቁ ነው ያፈረሰችው? አባቴን የናቀች ሴት እዚያ ቤት አታድርም፤ ሽማግሌ ይቀመጥና ወላጆቿ ጋ ትሂድ» አለ። መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ስልኩን መለስኩላት። መስመሩ አልተቆራረጠም ነበር።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሳሎን ልገባ ሳልፍ የመኝታ ቤትሽ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሻንጣሽ ተዘግቶ፣ ነጠላሽ ላዩ ላይ ተጣጥፎ አየሁ። ማንም ሂጂ ሳይልሽ ተዘጋጅተሽ ነበር። አንቺ በማድ ቤቱ በር ቆምሽ። አቶ ዘርአብሩክ በለስላሳ አነጋገሩ «ልጄ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቤት አፍርሰሻል ይላሉ፤ ምን ትያለሽ?» አለሽ። «አጥፍቻለሁ» አልሽ። ለምን ሲልሽ ያንኑ ደገምሽ፤ «እኔን አዳለጠኝ።»

አስናቀች ሳቀች። «ስትወድቅ ማን አየ? እስቲ የት ጋ ነው የተጫረችው? ታሳየን!»

ሁሉም ዞረው አንቺን አዩ። የእኔን ክርን ያየ አልነበረም፤ እጅጌዬ ረጅም ነው። አንቺም ብትሆኚ አላየሽም፤ ወለሉን ነበር የምታዪው። ወደ እኔ አንዴ ቀና ብትዪ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ተቆጥቼ ዝም እል ነበር። ቀና አላልሽም።

«ድንጋዩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ዘርአብሩክ መነጽሩን አወለቀ። «አንተ አንጋጫ አልነበርክም እንዴ?»

«ከመሄዴ በፊት ነው ያዘዝኳት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይዞህ ዝም አልክ?» አለች አስናቀች።

«ማን ጠየቀኝ?»

«ልጅህ በስልክ ጠይቆሃል! እኔው አይደለሁ ያቀበልኩህ?»

«መስመሩ ተቆራረጠ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዘርአብሩክ ብልህ ሰው ነው፤ አልጨቀጨቀኝም፤ እንጸልይ አለ።

ሽማግሌ ፊት ሐሰት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ማንበብን ራሴን አስተማርኩ፤ ሞተር መፍታትና መግጠምን ራሴን አስተማርኩ፤ ይህን ግን ከአንቺ ተማርኩ። ይህንንም በአንቺ ላይ እጽፋለሁ።

በማግስቱ አሕመዲን የድንጋይ ሱቅ አብረን እንድንሄድ ያዘዝኩሽ አስናቀች እዚሁ ጎናችን ካለው ቤቷ በር ላይ ሆና እንድታየን ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጊበት። እንደገባን የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ግራናይት አየሁና ይህ ነው አልኩ። አሕመዲን «ትልልቅ ሆቴሎች የሚወስዱት እሱን ነው፣ አባባ» ብሎ ሊያስቆርጥ ተነሣ። አንቺ እኔን አላናገርሽኝም፤ አሕመዲንን እያየሽ «ሲረጥብ እንየው» አልሽ።

ድንጋይ እንደ ጤፍ ይታጠባል ወይ? አልኩ፤ እኔም አሕመዲንን እያየሁ።

«ድንጋይ ሲረጥብ ነው የሚታወቀው» አልሽው።

መሐላችን የቆመው ምስኪን አንዴ ወደ አንቺ አንዴ ወደ እኔ ሲዞር አንገቱ ታመመ። በመጨረሻ በጆግ ውሃ አምጥቶ አፈሰሰበት። እልህ ያዘኝ፤ ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅሁ። «አባባ፣ ድንጋይ ሊገዙ ነው ወይስ ሊጠመቁ?» አለኝ፤ ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ቆምኩበት።

ድንጋዩ እንደ መልኩ አልነበረም።

እጅሽን አልዘረጋሽም። እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ዘርግተሽ ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ በዚያ መንገድ አላልፍም ነበር። መደርደሪያው ላይ አስደግፌው የነበረውን ከዘራዬን ብቻ እጄ ወደሚደርስበት ገፋ አደረግሽው፤ ዓይንሽንም ከድንጋዩ አላነሳሽም። ያየ ሰው ዕቃ መንገድ ላይ ሆኖባት አነሣች ይላል። እኔ አይቻለሁ።

ከጓሮ ሌላ አስወጣሁ። ያልተወለወለ፣ ፊቱ እንደ ተወቀረ የወፍጮ ድንጋይ የሻከረ። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እህሉ ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይፈጭም፤ ስለዚህ ይወቀራል። ወጣትነቴ ያለቀው በዚህ ሥራ ነው። ስለዚህ ሌላ አልጨምርም። አሕመዲን «ኧረ አባባ፣ ይሄ ለግቢ ነው!» ሲለኝ፣ እኔስ የምኖረው የት ሆነና? አልኩት። ሴቶች አይወዱትም፣ ሳሙናና እድፍ ይይዛል ብሎ ተከራከረ። «እኔ እፈገፍገዋለሁ» አልሽ። በዚያ ተቆረጠ።

ይኸው ተነጥፎ አለቀ። መልኩ አያምርም። ትናንት ውሃ አፍስሼ ሞክሬዋለሁ፤ ስለ ውጤቱ የምለው የለኝም።

ሠራተኛው ግን አንድ ነገር ጠይቆኛል። ለፎጣ ብላ ግድግዳው ላይ ብረት እንድተክል አዝዛኛለች፤ ለፎጣ በጣም ወፍራም ነው፣ ደግሞም ወገብ ላይ ነው የሚውለው፣ ፎጣው መሬት ሊነካ ነው፤ ተሳስታ ይሆን ወይ? አለኝ። አልተሳሳተችም፤ የእኛ ቤት ፎጣ ከባድ ነው አልኩት።

ለባልሽ እኔው ደውዬለታለሁ። መስመሩ ጥሩ ነበር። ሻንጣሽን ቁም ሳጥን ላይ መልሺው። በር ላይ የተከመረውን ነጭ ድንጋይ አስናቀች ለበረንዳዋ ጠይቃለች፤ ትውሰደው። ሲዘንብ ማዳበሪያ አንጥፊበት በያት፤ እኔ ብነግራት አትሰማኝም።

ጌታ ጓዳሽን ይሙላልሽ። ባልሽን በሰላም ይመልስልሽ። እግርሽ በድንጋይ እንዳይሰናከል መላእክቱን ይዘዝልሽ።

ይህን ወረቀት አንብበሽ እሳት ውስጥ ክተቺው። መልስ አትጻፊልኝ፤ በዓይንሽም አትመልሺልኝ። በድለሽኛል ያልኩትን አልሰርዝም። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ድንጋይና ስለዚያ ማለዳ፣ ለአንቺም ሆነ ለሌላ ሰው፣ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም። የሚያነሣብኝም ካለ ከቤቴ ይወጣል።

አባትሽ